የኦቦ ቶላ በሬ እና የእኔ ቅናሽ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ሐሜቱን፣ ጠጁን፣ በጾም የቀመስኳትን ቅቤ በተርታ እደረድርላቸውና ይቺን ግን ከምላሴ ሥር አስቀራታለሁ። አሁን እሳቸውም አረፉ፣ እኔም ጥርሴን ጨርሻለሁ። ስለዚህ አንባቢዬ፣ አንተ ስማኝ። መስቀል ባይኖርህም ጆሮ አለህ።

በጃንሆይ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ጎፋ ሠፈር መኪና ያለን ሰዎች በጣት የምንቆጠር ነበርን፤ እኔ ከጣቶቹ ትንሿ ጣት። ስትነሳ እንደ አሮጊት የምታስል ግራጫ መኪና ነበረችኝ። በመስሪያ ቤቴ ተራ ጸሐፊ ነኝ፤ መሪ ስጨብጥ ግን ደጃዝማች እሆን ነበር።

በዚያ ላይ ኢንሹራንስ ገብቼላታለሁ። ያኔ ብዙው ባለመኪና መኪናውን ለአቦ አደራ ሰጥቶ ነበር የሚነዳው፤ እኔ ግን የተማርኩ ነኛ! ደንቡ እንዲህ ነበር፦ ካሳ ክፈሉልኝ ሳትል ዓመቱን ከዘለቅህ ለሚቀጥለው ዓመት የምትከፍለው ይቀነስልሃል፤ ንጹሕ ዓመት በጨመርህ ቁጥር ቅናሹም ይጨምራል። እኔ ለዓመታት አንድም ቀን ካሳ ጠይቄ አላውቅም። ያ ቅናሽ ለእኔ የገንዘብ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ማዕረጌ ነበር። ሰው ስለ ልጁ ጉብዝና ሲያወራ እኔ ስለ ቅናሼ አወራ ነበር።

ከዚያ ዋጋው ረከስ ያለ ሌላ የመድን ድርጅት ተከፈተና ልዛወር ቆረጥኩ። ቅናሼን ይዤ መዛወር እችላለሁ፤ የሚያስፈልገው የቀድሞው ድርጅት «ይህ ሰው ካሳ ጠይቆን አያውቅም» ብሎ እንዲጽፍልኝ ብቻ ነው። አመለከትኩ። በሚቀጥለው ሳምንት መጥተህ ውሰድ አሉኝ።

በመሐሉ የኦቦ ቶላን በሬ ገጨሁ።

ኦቦ ቶላ የላፍቶ ገበሬ ናቸው። ያን ጊዜ «አንተ» ነበር የምላቸው፤ አሁን ብዕሬ እምቢ አለኝ። ሰኔ መግቢያ ነው፤ መካኒሳ አቦን ተሳልሜ ስመለስ፣ መንገዱ በዝናብ ረጥቧል፣ እኔም እየፈጠንኩ ነው። ሁለት በሬዎቻቸውን እየነዱ ወደ እርሻቸው ሲሻገሩ አይቻቸዋለሁ። አይቻቸዋለሁ! አላየሁም የምል ከሆነ እዚህ ድረስ ምን አመጣኝ? ጥሩንባ ብነፋ የሚለቁልኝ መሰለኝ፤ ደጃዝማች አይደለሁ? በሬ ግን ማዕረግ አያውቅም። ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ተንሸራተተችና የአንዱን በሬ እግር ሰበረች። እሷ ግንባሯ ላይ ትንሽ ጎድጎድ አለች። በሬው እዚያው ታረደ።

ኦቦ ቶላ አልጮኹም። ምነው በጮኹብኝ! የተረፈውን በሬ አንገት እያሻሹ፣ «ሰኔ ነው እኮ፣ ጌታዬ» አሉኝ። «በአንድ በሬ ምን ይታረሳል?» ቀጥለውም፣ «መኪና ዋስ አለው ሲሉ እሰማለሁ። የእርስዎ መኪናስ የላትም?»

ሰው ልሆንባት የምችለው ደቂቃ ያቺ ነበረች። ለድርጅቱ ባመለክት የበሬውን ዋጋ ድርጅቱ ይከፍል ነበር፤ ከእኔ ኪስ የሚወጣ የለም። የሚቀርብኝ ቅናሹ ብቻ ነው። ታዲያ እኔ ምን አልኩ? «ዋሱ ለሰው ነው እንጂ ለከብት አይሆንም» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው እንዳልል፣ ሰይጣን ስለ ኢንሹራንስ ምን ያውቃል?

ውሸቱ ብቻውን አልበቃኝም። ዳኛ ፊት ቢያቆሙኝ ወሬው ድርጅቱ ዘንድ ይደርሳል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ፈጥኜ ሽማግሌ ላክሁባቸው፤ ይቅር ያለ ሰው አይከስማ! እግዜር ለኃጢአተኛ መውጫ ብሎ የሰጠውን ይቅርታ እኔ ለቅናሽ መጠበቂያ አዋልኩት።

ባለቤቴ አስካለ ለእርቁ የሚሆነውን ጠላ እየጠመቀች፣ «አንተ ሰውዬ» አለችኝ፤ «ለበሬ ካልሆነ፣ ይሄ በየዓመቱ የምትገፈግፍለት ኢንሹራንስ ለጌጥ ነው?»

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ» አልኳት። ታውቅ ነበር።

እርቁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከአቦ አጥር ውጪ ወይራ ሥር ሆነ። ደንቡን ታውቃለህ፤ በዳይ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳይ ፊት ይወድቃል፤ ድንጋዩን የሚያወርድለት ተበዳዩ ነው። እኔ ድንጋይ መረጥኩ። አዎ፣ መረጥኩ። ከወንዝ ዳር ያቺን እንደ ዳቦ የተነፋች፣ ቀዳዳዋ የበዛ ድንጋይ አገኘሁ፤ ስትታይ በግ ታክላለች፣ ስትነሳ ጭድ ናት። ተሸክሜያት እየተንገዳገድኩ ገባሁ። መንገዳገድ ስልህ! አንዱ ሽማግሌ «አይዞህ፣ አይዞህ» እያሉ እንባቸውን ጠረጉ።

ሽማግሌዎቹ ካሳ ይቆረጥ ሲሉ፣ ተንበርክኬ እንዳለሁ የደመወዜን ማነስ፣ የልጆቼን ብዛት፣ የአክስቴን ሕመም ዘረዘርኩ። አክስቴ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ነበረች። ኦቦ ቶላ እስክጨርስ አዳመጡኝና፣ «ይቅር፤ ለአቦ ትቼዋለሁ» አሉ። ድንጋዩን አወረዱልኝ። ታረቅን።

በማግስቱ ደብዳቤዬን ወሰድኩ። የአዲሱ ድርጅት ሠራተኛ አንብቦት ብድግ አለና እጄን ጨበጠኝ። «ደንበኛ ማለት እንደ እርስዎ ነው!» አለኝ። ቅናሹ ሳይሸራረፍ ተዛወረልኝ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። እውነቴን ነው፣ ነፍቼ!

ኦቦ ቶላ ያን ክረምት አንድ በሬ ካለው ጎረቤታቸው ጋር ተቀናጁ። ቀድሞ የሚታረሰው የጎረቤቱ መሬት ሆነ፤ የእሳቸው ተራ ሲደርስ ዝናቡ ገፍቶ ነበር። ግማሽ ማሳቸው ጦሙን አደረ። ማሳው ከመንገዱ ዳር ነው፤ ወደ ላፍቶ በወረድኩ ቁጥር አረም የወረሰውን መሬት በመስኮት እያየሁ አልፋለሁ። ዓይኔን ለመመለስ ስንት ጊዜ መሪ ያስተካከልኩ መሰልኩ? በጥር ሊደግሱት የነበረውን የልጃቸውን ሠርግ ለሌላ ዓመት አሻገሩት። ሠርጉ ሲደርስም ጠሩኝ። ታርቀን የለ? ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጡኝ፤ ከሁሉ ቀድሞ ሥጋ የቀረበው ለእኔ ነበር። እኔም በላሁ።

አሁን ያስቀረሁብህን አንዲት ነገር ልንገርህ። አየህ፣ ስናዘዝም እቆጥባለሁ።

ያቺ ድንጋይ በአንድ እጅ ትነሳለች። ኦቦ ቶላ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከማሳቸው ድንጋይ ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሊያወርዱልኝ እጃቸው እንደነካት ቀጥ አሉ። ዓይኔን አዩኝ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከፍ አድርገው በሁለት ጣት ቢያሳዩ አለቀልኝ። እሳቸው ግን በሁለት ክንዳቸው አቀፏት፤ ወገባቸውን ሰብረው፣ እያቃሰቱ፣ ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጧት። ከዚያ ሽማግሌዎቹ እንዲሰሙ ጮክ ብለው፣ እስከዚያች ሰዓት ጌታዬ ሲሉኝ የነበሩት ሰው፣ «ከብዶህ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ።

ድንጋይዋን ካወቁ፣ ውሸቴንስ አላወቁም ትላለህ? ሊጠይቁኝ አልፈለጉም፤ እኔም ልነግራቸው አልደፈርኩም። እሳቸው አቦ ግቢ ካረፉ ቆዩ። ማሳው ላይ ቤት ተሠርቶበታል። መኪናዋም ዝጋ ቀረች፤ እስከ መጨረሻዋ ካሳ አልጠየቅሁባትም።

እንግዲህ ማረኝ እንድልህ ጠብቀህ ከሆነ፣ አልልህም። ይቅርታ አንዴ ጠይቄ፣ ተሰጥቶኝ፣ አትርፌበታለሁ። ደግሜ ብጠይቅ፣ እንደ ልማዴ ቀላሏን መርጬ እንዳልመጣሁ በምን ታውቃለህ?