«ይሞቃል» ያልኳችሁ ጨረር

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ዛሬ ማይኩን የለመንኩት ጌታ ያደረገልኝን ላወራ ነው፤ ግን አስቀድሜ የዋሸኋችሁን መናገር አለብኝ። ገና አሜን አትበሉ፣ ስትሰሙት ትቆጣላችሁ።

ታደለች ነኝ፣ ልብስ ሰፊዋ። የመዘምራኑን ጋውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጠርዙ ጠማማ ነው ማለታችሁን ሰምቻለሁ፤ ይቅር ብያችኋለሁ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ስሄድ እወላገዳለሁ። ሆሳዕና ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ዓይኔም ሁልጊዜ ቀይ ነው፤ ነጩ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ተዘርግተዋል። እንግዲህ ቀይ ዓይንና መወላገድ አንድ ላይ ሲታዩ ሰው ምን ያስባል? ሽማግሌያችን ጋሽ ላምቤቦ አንድ እሁድ በሩ ላይ ጠብቀው፣ «ታደለች፣ እስኪ ሃሌ ሉያ በይ» አሉኝ። አልኩ። አፍንጫቸውን አስጠጉና፣ «ጮክ ብለሽ ድገሚው» አሉኝ። ጋሽ ላምቤቦ፣ አይሸሸጉ፣ አይቼዎታለሁ! እኔ በሕይወቴ ጠላ ቀምሼ አላውቅም።

አምና ጡቴ ላይ እብጠት ወጣ። ካንሰር ነው ተባልኩ። አዲስ አበባ እብጠቱን ብቻ አወጡና፣ «የቀረውን በጨረር እንጨርሰዋለን፤ ጡትሽ ይተርፋል» አሉኝ። የጨረር ወረፋ ግን ረጅም ነው። እትዬ አማረች የሚመሩት የእህቶች የጸሎት ቡድን ረቡዕ ረቡዕ ጾመ። «ጌታ ሆይ፣ ጨረሩን ስጣት!» ብላችሁ ጮኻችሁ። ተራዬም ደረሰ፣ ክብር ለስሙ! እስከ መናኸሪያ በዝማሬ ሸኛችሁኝ። የመኪናው ረዳት «ሙሽራው የታለ?» እያለ ሲፈልግ ነበር።

እንግዲህ ስሙኝ። ጨረር ክፍል የምትሠራው ሐኪም እየተወላገድኩ ስገባ አየችኝና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እስኪ በዚህ መስመር ላይ ተራመጂ» አለችኝ። ግድግዳው ጋ ሄጄ ተላተምኩ። ዓይኔን በመብራት አየች።

«ዶክተር፣ ሃሌ ሉያም ልበል?» አልኳት።

አልገባትም። «ከቤተሰብሽ እንዲህ የሚሄድ ሰው ነበር?» አለችኝ። ወንድሜ ነበር፣ በልጅነቱ ሞተ። ነገርኳት። ካርዴን ዘጋችና፣ «ጨረር አንሰጥሽም» አለች።

ወገኖቼ፣ ያን ሁሉ ረቡዕ ጾማችሁ!

ዶክተሯ ታግሳ አስረዳችኝ። ጨረር ካንሰሩን የሚገድለው ሴሉ ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ እየበጣጠሰ ነው። ጤነኛውንም ሴል ይነካል፤ የሌላ ሰው ሴል ግን የተበጠሰውን መልሶ ይጠግናል። «መወላገድሽና የዓይንሽ መቅላት የሚያሳዩት ያንቺ ጥገና ከትውልድ የጎደለ መሆኑን ይመስለኛል። ለሌላው መድኃኒት የሆነው መጠን አንቺን ሊገድልሽ ይችላል። ደምሽን ለምርመራ እንልካለን፤ እስከዚያ ግን ጡቱ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። በሚቀጥለው ሳምንት ነይ።» የሰውን ቅዳጅ ስጠግን የኖርኩ ሴት የራሴ ጠጋኝ የለኝም ተባልኩ!

ተቆጣሁ። በሰው ሳይሆን በጌታ ተቆጣሁ። ጡቴን መቆረጥም ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ? ለቀጠሮው አልቀረብኩም። እናንተን ለማየት አፍሬ ፎንቆ ከተማ፣ ገበያው አጠገብ እህቴ ቤት ገባሁና ተደበቅሁ።

እትዬ አማረች ይደውላሉ። «ጨረሩ እንዴት ነው፣ ልጄ?»

«ይሞቃል፣ እትዬ።»

«ምን ያህል?»

«እንደ ካውያ!»

እሁድ እሁድ «እህታችን በእሳት እያለፈች ነው» እየተባለ አለቀሳችሁልኝ። አንድ ቀን ደግሞ ስናወራ የገበያ በግ ጮኸ። «ሆስፒታሉ ውስጥ በግ አለ እንዴ?» አሉኝ። «የአንድ በሽተኛ የስልክ ጥሪ ነው» አልኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ!

ሁለት ሳምንት አለፈ። ያ የቀረው ካንሰር እኔን አይጠብቅም፤ ዶክተሯ ነግራኛለች። ሌሊት አልተኛም፣ ቀን አልበላም፣ ግን አልሄድም። አንድ ጠዋት እትዬ አማረች ከጨረሩ ስመለስ የምትቀበሉኝን ቀን ለእህቴ ሊነግሯት መጡ። ከበሩ ኋላ ተለጠፍኩ። ዝም ብሎ መቆም ደግሞ ለእኔ አይሆንልኝም፤ ተወላገድኩና ከነመጋረጃው እግራቸው ሥር ወደቅሁ።

«አዲስ አበባ እዚህ ድረስ ሰፋ?» አሉኝ።

እያለቀስኩ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ይቆጡኛል ስል መሬት ቁጭ ብለው ሳቁ። ከዚያ እሳቸውም አለቀሱ። «ልጄ፣ እኛ 'ጨረሩን ስጣት' ስንል ጌታ ከጨረሩ ሲከለክልሽ ነበር። እኛ ጸሎት እናውቃለን እንጂ ሴል መቼ እናውቃለን? ሐኪሟን ያስነሳልሽ ማን ነው? አንቺ ደግሞ ያዳነሽን አኩርፈሽ በር ኋላ ትቆሚያለሽ!»

ያን ጊዜ ልቤ ተሰበረ፣ ወገኖቼ። ጌታን ሳመልክ የኖርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እሺ የምለው የጠየቅሁትን ሲሰጠኝ ብቻ ነበር። እዚያው ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ «በቢላም ቢሆን፣ እንደ ፈቃድህ» አልኩ።

በማግስቱ እትዬ አማረች ክንዴን ይዘው አዲስ አበባ ወሰዱኝ። ዶክተሯ፣ «አርፍደሻል፣ ግን ደርሰሻል» አለችኝ። ጡቴ ወጣ። የወጣው ሥጋ ጠርዝ ተመርምሮ ከካንሰር ንጹሕ ነው ተባለ፤ ሃሌ ሉያ! የደሜም ውጤት ከውጭ አገር መጣ፤ ሐኪሟ የጠረጠረችው ልክ ነበር። እኔ ፓስፖርት የለኝም፣ ደሜ ግን ባሕር ተሻግሮ ተመልሷል። አሁን ራጅ እንኳ ሐኪሙን ሳላስጠነቅቅ አልነሳም።

አረማመዴ አልተፈወሰም። ሊብስ እንደሚችልም ተነግሮኛል። ክትትል ላይ ነኝ፤ ነገን አላውቅም። ዛሬ ግን በሕይወት ቆሜ እናንተን አያለሁ፣ ጌታ ይመስገን! ስላለቀሳችሁልኝ እንባም ይቅርታ አድርጉልኝ።

እህቶቼ፣ ከመካከላችሁ ጡቷ ላይ እብጠት ይዛ፣ ነጠላዋን አጥብቃ የተቀመጠች ካለች፣ ጌታን እመኚ፤ ሐኪምም ዘንድ ሂጂ። ብቻሽን አትፈሪ፣ ነገ ጠዋት አብሬሽ እሄዳለሁ። ያማል ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ አዎ፣ ያማል እልሻለሁ። ከእንግዲህ አልዋሽም።