ለአባቴ የሠራሁት የጎመን ሰላጣ

ሎሚና ሰናፍጭ አንድ ላይ ሲሸተኝ ዛሬም ክው እላለሁ። በምሠራበት ምግብ ቤት ልጆቹ ለጎመን ሰላጣ ሶስ ሲመቱ ካየሁ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ብዬ ነው። ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እነሱ ምን አዩ!

ያኔ ባሕር ዳር የሆቴል ሙያ እማር ነበር፤ ሁለት ነገር ተምሬ አሥር የማወራ። ፈተና ጨርሼ ለእረፍት ወደ ቤት ስመጣ መንገድ ላይ፣ ሐሙሲት፣ አንድ ጥቅል ጎመን ገዛሁ። ቤታችን ጋፋት አጠገብ ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ የዚያ ሳምንት ሰሞነኛም እሳቸው ስለሆኑ በማግሥቱ የሚቀድሱት እሳቸው ነበሩ። እናቴ ለቅሶ ሄዳ ቤቱን ለእኔ ትታልኛለች። ሙያዬን ላሳይ ቸኮልኩ።

ጎመኑን እንደ ክር አድርጌ ከተፍኩት፤ ካሮት ፈቀፈቅሁበት። ከዶሮዋ ሥር ሁለት ትኩስ እንቁላል አነሣሁና አስኳሉን ከዘይት ጋር መታሁት። ሎሚ፣ ሰናፍጭ፣ ጨው፣ ቁንጥር ስኳር። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ነጭ፣ ወፈር ያለ ሆኖ ወጣልኝና በራሴ ኮራሁ።

አባቴ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ከቤተ ክርስቲያን ደክሟቸው ገቡ። ከሽሮው ጎን ሰላጣውን አቀረብኩላቸው። ባርከው ጎረሱ። ደገሙ።

«እሰይ የኔ ልጅ! ሱፉን እንዴት ብታጠሪው ነው እንዲህ የነጣው?»

ሱፍ? ሳቄ መጣ። ሱፍ የምንበላው በጾም ነው ብዬ ሳልጨርስ ቀኑ ትዝ አለኝ። ሮብ ነበር። በፈተናው ሰሞን ቀን ጠፍቶብኝ ማክሰኞ መስሎኝ ነው የዋልኩት። አባቴ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጾም ሽረው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ሦስተኛውን ጉርሻ ዋጡ።

ከእኔ በቀር ያየ ሰው አልነበረም። ቅርፊቱን አመድ ውስጥ ብቀብረው ማን ያውቃል? ግን ነገ መቅደስ ሊገቡ ነው።

«አባባ፣ ሱፍ አይደለም። እንቁላል አለበት።»

እጃቸው ትሪው ላይ ደርቆ ቀረ። እንዲያ ያለ ድንጋጤ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ወጥተው አፋቸውን ተጉመጠመጡ፤ ደጋግመው ተጉመጠመጡ። ሲመለሱ ፊታቸውን ማየት ፈራሁ።

«መቼ አወቅሽ?»

«አሁን፣ ሱፍ ሲሉኝ።»

«ዝም ብትዪ ኖሮ ነገ ገብቼ ነበር» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ።

በማግሥቱ ሌላ ቄስ ቀደሰ። አባቴ ግን ውጭ፣ ዛፍ ሥር፣ ከእኛ ከምእመናኑ ጋር ቆሙ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን አላስቻላቸውም።

«ምነው አባ፣ ዛሬ ከውጭ?»

«ጾም ሽሬ ነው።»

«ኧረ በወላዲተ አምላክ! እርስዎ? እንዴት ሆኖ?»

አጠገባቸው ቆሜያለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም።

«ሳልጠይቅ በላሁ» አሉ።

ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው። ስንቱ ጠየቃቸው፤ አንድም ቀን «ልጄ አበላችኝ» አላሉም።