የሚኤሶ ባቡርና የላላው ካቴና

ሰሞኑን የጎረቤታችን ልጅ መኪናውን ሲያስነሳ ከሞተሩ ፊት በኩል ይንኳኳል። ጠጠር የገባበት ጣሳ ሲናወጥ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ትንሽ ይቀንሳል። «የሞተሩ ካቴና መወጠሪያ አልቋል፣ አጥፋው!» ብዬ በመስኮት ጮህኩበት። እጁን አውለብልቦልኝ ሄደ። ቁርሴን መጨረስ አልቻልኩም። ይህን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ጭሮን አሰበ ተፈሪ በምንልበት በደርግ ዘመን፣ ከአባቴ የወረስኳት አሮጌ ስቴሽን ዋገን ነበረችኝ። ወደ ሚኤሶ መንገደኛ፣ ወደ አሰቦት ገዳም ደግሞ ተሳላሚ እጭንባት ነበር። በአንድ ክረምት መግቢያ ያው መንኳኳት ጀመራት። በዚያው ሳምንት ድሬዳዋ በውትድርና ላይ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ሰለሞን በመንገደኛ መልእክት ላከ። ቅዳሜ ከሰዓት ባቡራቸው በሚኤሶ ያልፋል፤ ወደ ሰሜን እየወሰዷቸው ነው፤ እማዬን አምጣልኝ ይላል። እማዬ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልሰማ አለች። ጭኮ ለወሰች፣ ዳቦ ቆሎ ቆላች፣ ቅርጫቱን ደጋግማ አስራ ደጋግማ ፈታች።

አዲሱ መወጠሪያ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ የደረሰኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ሌላ መኪና አይገኝም። መካኒኩ ዩሱፍ አብሮ አደጌ ነው፤ ጋራዥ የሚለው ከመስጊዱ በታች ያለውን የመንገድ ዳር ዳገት ነበር።

ዩሱፍ ባትሪውን ፈታ፣ ካንዴላዎቹን አወጣ፣ ሞተሩን በመፍቻ እያዞረ የካቴናውን ምልክቶች አገናኘ። የእጅ ፍሬኗ ስለማይዝ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ ከጎማዎቹ ስር ድንጋይ አደረገ። በእኛ ከተማ ዳገት ላይ መኪና የሚቆመው እንደዚያ ነው። ከዚያ ካቴናውን በሽቦ አስሮ አሮጌውን መወጠሪያ አወጣ። ካቴናው የሚያርፍበት የጎማ ልባስ ተበልቶ ብረቱ ወጥቷል።

«ዩሱፍ፣ ሰዓቱ ሄደብን!» አልኩት።

«አቦ አትጨቅጭቀኝ! ካቴናው ጥርስ ከዘለለ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ። ያኔ ሚኤሶን በእግርህ ትሄዳታለህ።»

አዛን ሲሰማ እጁን በናፍጣ ታጠበ። «ሰግጄ ልምጣ፤ ከዚያ አዲሱን መግጠም ብቻ ነው» አለኝ። እኔም እማዬን ላመጣ ሄድኩ።

እኛ አገር ኮፈኗ ተከፍቶ የቆመች መኪና ያየ ሰው ባለቤቷን አይጠብቅም፤ ይገፋል። ለምን እንደቆመች መጠየቅ ለሱ ጊዜ ማጥፋት ነው። ከተራራው ድንገት ደመና ወረደና ትላልቅ ጠብታ መጣል ጀመረ። ጫት ሻጮቹ፣ ሻይ ቤት የተቀመጡት፣ ለገበያ የመጡት ሁሉ «ያላ! ኮቱ! ኑ ግፉ!» ተባብለው ድንጋዮቹን አንስተው ገፏት። እኔና እማዬ በአንድ ጃንጥላ ስንደርስ መኪናዬ ከአንድ ሱቅ ቆርቆሮ ስር ገብታለች። ሁሉም በስብሰዋል፣ ሁሉም ይስቃሉ።

«አብሽር፣ ሞተሩን ዝናብ አልነካውም!» አለኝ ጫት ሻጩ አህመዶ።

«ማርሹን ማን አወጣው?»

«የምን ማርሽ?»

ካንዴላ ስላልነበራት ሞተሩ እምቢ አላለም፤ ማርሽ ውስጥ ስለነበረች ጎማው ሲዞር አብሮ ዞሯል። መወጠሪያ የሌለው ካቴናም ጥርስ ዘሏል። ምን ብዬ እንደሰደብኳቸው እዚህ አልጽፈውም። ዩሱፍ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ «አስተግፊሩላህ» ብሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

ሥራው ከመጀመሪያው ተጀመረ። ሽቦው ተቆርጦ ነበር፣ ሌላ ተፈለገ። ቡሎን ጭቃ ውስጥ ወድቆ ጠፋና ስንት ሰው ተንበርክኮ ፈለገው። እማዬ ቅርጫቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ከአግዳሚው «ደረሰ?» ትለኛለች። «እየደረሰ ነው» እላለሁ። በመጨረሻ መወጠሪያው ገባ፣ ክዳኑ ታሰረ።

«በቃ፣ ላስነሳት!»

«መጀመሪያ በእጄ ላዙራት። ከያዘች ቫልቩ ፒስተኑን ነክቷል ማለት ነው፤ እንደገና እንፈታለን» አለና ቁልፉን ኪሱ ከተተው። አንቄ ብወስድበት ደስ ባለኝ። ቀስ እያለ አዞራት፤ አልያዘችም። ስትነሳ ያ መንኳኳት የለም። ለአዲሱ ድምፅዋ እንኳን ደስታ አልነበረኝም።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት እንጃ። የማሽላው ማሳ አለፈ፣ አየሩ ሞቀ፣ የእማዬ ከንፈር ለጸሎት ይንቀሳቀሳል። ዕድሜውን ሙሉ ሲዘገይ የኖረ ባቡር በዚያች ቀን በሰዓቱ መጥቶ በሰዓቱ ሄዷል። ጣቢያው አጠገብ የግመል ወተት የምትሸጥ ሴት እማዬን አየቻት።

«እናቱ አንቺ ነሽ? አንድ ወታደር የአሰበ ተፈሪ መኪና መጣች ወይ እያለ ሰው ሁሉ ጠየቀ። የባቡሩ በር ላይ ቆሞ ነው የሄደ።»

እማዬ ሐዲዱን እስከ መጨረሻው በዓይኗ ተከተለችው። ስንመለስ ዩሱፍ ጋ ስንደርስ «አቁም» አለችኝ። ወርዳ ቅርጫቱን ፈታችና ለገፉት ሰዎች ማደል ጀመረች። «ገላቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ብሉልኝ» ትላቸዋለች።

«ለነዚህ?» አልኳት።

«በዝናብ ተደብድበው ነው የገፉልህ። ለልጄም በሄደበት አገር የሚገፋለት ሰው ይስጠው።»

እኔ ጭኮውን አልቀመስኩም። ሰለሞን ከሰሜን አልተመለሰም። እማዬ እስክትሞት ድረስ አህመዶን በስሙ እየጠራች ትመርቀው ነበር፤ እኔ ግን ያን ሁሉ ሰው ይቅር ማለት እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።

ትናንት የጎረቤቴ ልጅ መኪና እንደፈራሁት በራችን ላይ ቀጥ አለች። ወዲያው የሰፈሩ ሰው ከየቤቱ ወጣ፤ እየሳቀ እጁን ኮፈኗ ላይ ጫነ። «እንዳትነኳት!» እያልኩ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። «እኚህ ሽማግሌ ደግሞ ለሰው መኪና ይሳሳሉ» አለ አንዱ። በሩን ከፍቼ ማርሹን በገዛ እጄ አወጣሁ፣ ደጋግሜ ነካክቼ አረጋገጥኩ። ከዚያ ከኋላ ሄጄ አብሬያቸው ገፋሁ።