የማይረጋው ውሃ

ተማሪዎቿ «አዙሪት» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል፤ አልከፋትም። ሰማይን የምታስተምረው በውሃ ነዋ! «ኮከብ የሚነድ ፍም መስሏችሁ ከመጣችሁ ተሸውዳችኋል» ትላለች ገና በመጀመሪያው ቀን። «ጋዝ ነው፤ ጋዝ ደግሞ እንደ ውሃ ይፈሳል።» ከዚያ መሃሉ የተበሳ ሰፊ ገንዳ ታሳያቸዋለች። ቀዳዳው የሞተ ኮከብ ነው፤ ውሃው በዙሪያው የሚሽከረከር ጋዝ። ጋዙ ከጎኑ ካለው ጋዝ ጋር ተፋትጎ ፍጥነቱ ካልቀነሰ በቀር ወደ ኮከቡ አይወድቅም፤ ሲዞር ይኖራል።

ውሃ መቼም ቂመኛ ነው፤ ሲቀዳ የዞረበትን አቅጣጫ ቶሎ አይረሳም። ስለዚህ ገንዳው ተሞልቶ፣ ተከድኖ፣ ክፍሉ ተቆልፎ ማደር አለበት። በደንብ የረጋ እንደሆነ የቀዳዳው ውታፍ ሲነቀል ሳይዞር ይወርዳል። ይህን ሥራ ዕድሜ ልኩን የሠራው የቤተ ሙከራው ሠራተኛ፣ ባሏ ነበር።

እሱ ከሞተ ወዲህ ግን ውሃው አልረጋ አለ። ቁልፉ እሷ አንገት ላይ ነው፤ ክዳኑም እንደተከደነ ነው። ውታፉን ስትነቅል ግን ውሃው የሆነ ሰው እንዳማሰለው ይዞራል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ የፊት ወንበር ላይ መቀመጥ ተዉ። እሷም ፈራች፤ ደስም አላት። አልሄደም ማለት ነው! በቀብሩ ዕለት እንባዋ ጠብ አላለም ብሎ ያማት አገር ምን ያውቃል? አለቃዋ «እረፍት ውሰጂ፤ ቁልፉን አስረክቢ» ሲላት እምቢ አለች። ቁልፉን መስጠት ባሏን ዳግመኛ መቅበር መሰላት።

ነገሩ ያስጨነቃት ልጇ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ሕንፃው ጭር ሲል፣ አብራት ቤተ ሙከራው ገብታ ጥግ ላይ ተቀመጠች። እናት እንደ ልማዷ ገንዳው አጠገብ ወንበር ስባ ክዳኑ ላይ አፈጠጠች። ሸለብ ያደረጋት መሰላት። ብንን ስትል ልጇ ክንዷን ይዛታለች።

«መጣ? አየሽው?»

«እማዬ...»

«ንገሪኝ እንጂ! ማን ነው የነካው?»

«አንቺ ነሽ፣ እማ። ዓይንሽ እንደተገለጠ ክዳኑን ከፍተሽ፣ እጅሽን እስከ ክርንሽ ነክረሽ አማሰልሽው። ታወሪም ነበር።»

እጇን አየችው፤ ውሃ ያንጠባጥባል። የሌላ ሰው እጅ መሰላት። ገንዳው ውስጥ ውሃው ገና ይዞራል።

«ምን እያልኩ?»

ልጅቷ ልትዋሽ ፈለገች፤ አልሆነላትም። «‹ሳልሰናበትህ› ነው የምትዪው። ደጋግመሽ።»

እናት ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ልጇ መዳፍ ላይ አኖረችው። ከዚያ እሪ ብላ አለቀሰች።