የእትዬ ፋናዬ ባለ ስድስት ጎማ ቤት

እትዬ ፋናዬ የቀበሌውን ይልማን በክሪክ ብረት ደብድባ አሥራ አንድ ጥርሱን አራገፈችው፤ ክንዱን ለሁለት ሰበረችው፤ ከዚያ አውራ ጣቱን በገዛ ደሙ ነክራ የነዋሪነት መታወቂያዋ ላይ አስፈረመችው። ሸዋ ሮቢት ሰሞኑን የምታወራው ይህንን ነው። ወሬው ከመናኸሪያው ሲነሳ የረገፈው ጥርስ ሦስት ነበር። እኛ ካፌ ሲደርስ ሰባት ሆነ። ማጀቴ ድረስ ተሳፍሮ ሲመለስ አሥራ አንድ ሞልቶ መጣ፤ አንድ ቀን ውሎ ቢያድር ኖሮ ይልማ ድድም አይተርፈውም ነበር።

እኔ ግን እንዳለ ልውጠው ብል እምቢ አለኝ። አንደኛ ነገር ይልማን ሐሙስ ዕለት ጥብስ ሲበላ አይቼዋለሁ። ቀኝ ክንዱ በጄሶ ተጀቡኖ ከአንገቱ ተንጠልጥሏል፤ በግራው ይጎርሳል፤ አጥንቱን ግን እንደ ድንጋይ ወፍጮ ነው የሚያደቀው። አሥራ አንድ ጥርስ የጎደለው ሰው እንደዚያ አያኝክም። ሁለተኛ፣ ቀበሌ ውስጥ የሚሠራው ማኅተም እንጂ ደም አይደለም። ማኅተሙ ያለው ሊቀመንበሩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመሳቢያው ቁልፍ ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው። ይህንን ሰንሰለት በድብደባ የበጠሰ ጀግና ገና አልተወለደም።

ስለዚህ ተነስቼ ጋሽ ሷሊሕ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ሷሊሕ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ ባለው ግቢያቸው መኪና የሚጠግኑ፣ ሽበታም፣ ሲምሉ ብቻ የሚቆጡ ሰው ናቸው። ፋናዬ የምትኖረው እሳቸው ግቢ ውስጥ ስለሆነ ከሳቸው የተሰወረ ነገር የለም።

ፋናዬ የአጣዬ ሰው ናት። ባሏ ሲሞት ሁለት ነገር ተወላት፤ አንድ ቤትና አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትነድ ቤቱን እሳት በላው። ፋናዬ አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ ቁልፉን አዞረች። ከዚያ በፊት በሕይወቷ የነዳችው ነገር ቢኖር አህያ ነው። አሥራ ዘጠኝ ጎረቤት፣ ሁለት ፍየልና አንድ የልብስ ስፌት መኪና ጭና፣ የኋላውን መስታወት ጥይት ወንፊት አድርጎት፣ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ በአንደኛ ማርሽ መጣች። ሁለተኛ ማርሽ የሚባል ነገር እንዳለ የነገሯት ከተማው መግቢያ ላይ ነው። ሰዉ ሁሉ እየተሳሳቀ ወረደ። መጨረሻ ወንበር ላይ መስኮቱን ተደግፈው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን አልወረዱም። እሳቸውን በማግስቱ ቀበሯቸው።

ከዚያ ወዲህ ፋናዬ ከአውቶቡሱ አልወጣችም። ወንበሮቹን ፈትታ አራት ብቻ አስቀረች፤ ከሞተሩ በላይ አልጋ ዘረጋች፤ ከኋላ ምድጃ አደረገች። ቆላው ደግሞ ቆላ ነው፤ በሚያዝያ ኮፈኑ ላይ እንቁላል ሰብራ ጋሽ ሷሊሕን ቁርስ አብልታቸዋለች፤ ጨው ብቻ ነው የጎደለው ይላሉ። በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣች። እሑድ እሑድ የሽንኩርት ነጋዴዎችን ሰንበቴ ገበያ ታደርሳለች፤ ሳምንቱን የምትገፋው በዚያ ነው።

ችግሩ የመጣው ዘንድሮ ነው። የአውቶቡሱ ሊብሬ፣ የባለቤትነት ደብተሩ፣ ከባሏ ወደ ራሷ ስም ዞረና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን፣ ያው ሰው ቢገጩበት የሚከፍለውን ማለት ነው፣ እስከ ሰኔ 30 በስሟ ማደስ አለባት። ለማደስ የሸዋ ሮቢት ነዋሪነት መታወቂያ አምጪ ተባለች። ካላደሰች ትራፊክ መንገድ ላይ ሲያገኛት ሰሌዳውን ፈትቶ አውቶቡሱን ጎትቶ ይወስደዋል። ሌላ ሰው ቢሆን መኪናውን ነው የሚያጣው። እሷ ግን አልጋዋን፣ ድስቷን፣ የባሏን ፎቶና ጣሪያዋን በአንድ ገመድ ሲጎተቱ ቆማ ልታይ ነው።

መሸኛዋን ይዛ ቀበሌ ሄደች። የነዋሪዎች መዝጋቢው ይልማ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ እስክሪብቶ በሁለት ጆሮው የሚሰካ ልጅ።

«የቤት ቁጥር?» አላት።

«ሰሌዳ ቁጥር አለኝ።»

«እትዬ ፋናዬ፣ ሰሌዳ የቤት ቁጥር አይደለም።»

«አንተ ልጅ፣ አምስት ዓመት ሙሉ የተኛሁበት ቤት ካልሆነ ምንድነው? መቃብር ነው?»

«ቤት ማለት የማይሄድ ነው። የእርስዎ ይሄዳል። ዛሬ እዚህ መዝግቤዎት ነገ አሊዩ አምባ ቢያድሩስ? እኔ ከመዝገቡ ጋር ተከትዬ ልሩጥ?»

ፋናዬ ወንበሩን ከነይልማ ብድግ አድርጋ አውጥታ በረንዳው ላይ አስቀመጠችው። ይህኛው ወሬ አይደለም፤ የተሰለፉት ሁሉ አጨብጭበዋል፤ አንዷ ነፍሰ ጡር ከሳቅ ብዛት ምጥ ሊመጣባት ነበር። ይልማ ግን በረንዳው ላይም ሆኖ ሕጉን አልለቀቀም። «ጎማውን ያውልቁት!» ብሎ ጮኸ። «ጎማ ከሌለው እመዘግባለሁ!»

ጎማው ወለቀ። ጋሽ ሷሊሕ ስድስቱንም ፈትተው አውቶቡሱን ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ይልማ ሜትር ይዞ መጥቶ ርዝመቱን ለካ፤ ጣሪያውን በጥፊ መታ መታ አደረገና የኋላ በሩ ግርጌ ላይ በቀይ ቀለም 412/ለ ብሎ ጻፈ። መታወቂያው ሊቀመንበሩ ከስብሰባ ሲመለሱ ይፈረማል ተባለ። ፋናዬ ያን ቀን በሩን ከፍታ ስትገባ፣ ይላሉ ጋሽ ሷሊሕ፣ ጫማዋን አወለቀች። አምስት ዓመት ስትገባ ስትወጣ አውልቃ አታውቅም።

ከዚያ ኢንሹራንሱን አስቀድማ ልታስጨርስ ሄደች። የኢንሹራንሷ ሠራተኛ ማህሌት መኪናውን በዓይኔ ልይ ብላ ግቢው ድረስ መጣች። ድንጋዮቹን አየች፤ ጎንበስ ብላ ሥሩን አየች።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ ቤት ነው።»

«ነው! ተመስገን! ቁጥርም አለው!»

«እኔ ቤት ሰው ሲገጭ አይቼ አላውቅም። ጎማ ከሌለው ለምኑ ነው ኢንሹራንስ የምገባለት? ጎማውን አስገቡና እፈርምላችኋለሁ።»

ፋናዬ ተከትላት ቢሮ ድረስ ሄዳ ጮኸች። የቢሮው ዘበኛ በዱላ ትከሻዋን ሁለት ጊዜ አሳረፈባት። ዱላውን ከእጁ ነጥቃ በጉልበቷ ሰብራ ስባሪውን አጣጥፋ መለሰችለት፤ ትከሻዋ ግን ሁለት ሳምንት እንደ ደበርጃን ጠቁሮ ከረመ። በግራ እጇ ብቻ ነበር የምትነዳው ልል ነበር፤ የሚነዳ ነገር አልነበራትም እንጂ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ቀበሌው ካልቆምሽ አላውቅሽም ይላል፤ ኢንሹራንሱ ካልሄድሽ አላውቅሽም ይላል። ሰኔ 30 ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ሰኔ 3፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ፣ ፋናዬ ጎማ ልትመልስ ተንበረከከች። የፊቶቹ ሁለቱ ገብተዋል፤ የኋላው አራቱ መሬት ላይ ተጋድመዋል፤ የአውቶቡሱ ቂጥ ድንጋይ ላይ ነው። ይህንን ለይልማ ማን ሮጦ እንደነገረው አይታወቅም። መዶሻና መሮ ይዞ መጣ።

«ቤቱ ሊሄድ ነው አሉ፤ ቁጥሬን ልወስድ ነው» አለ።

«ንካውና እጅህን በቁጥር እመልስልሃለሁ» አለችው። የጎማ መፍቻው ብረት እጇ ላይ ነበር። ጋሽ ሷሊሕ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «ወላሂ፣ ፊቷን አይቼ ያንን ልጅ ቀብሬዋለሁ።»

ይልማ ፈሪ አይደለም፤ መዝገብ የያዘ ሰው ፍርሃት አያውቅም። ወደ ኋላ በሩ ዞሮ፣ ከአውቶቡሱ ሥር ተንበርክኮ፣ ቀለሙን በመሮ ይፍቅ ጀመር። መጨረሻ ያለችው «ለ» ተፋቀች። «2» ግማሽ ሆነች። ፋናዬ ብረቱን ከፍ አድርጋ ሁለት እርምጃ ተራመደች።

በዚህ ቅጽበት ነው ከላይ አስፋልቱ ላይ ሽንኩርት የጫነ የጭነት መኪና ፍሬን በጥሶ የመጣው። ጥሩምባው ከማጀቴ ሳይሰማ አልቀረም። አጥሩን ጥሶ፣ የጋሽ ሷሊሕን ሁለት በርሜል አንከባሎ፣ አውቶቡሱን በጎኑ ገጨው። ሽንኩርት እንደ በረዶ ዘነበ። አውቶቡሱ ከድንጋዩ ተንሸራቶ ቂጡ መሬት ላይ ቧ ብሎ ወደቀ። ይልማ አፍንጫውና ከንፈሩ ተፈንክቶ፣ ቀኝ ክንዱ ከብረቱ ሥር ቀረ። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ እስከ ዛሬ በሕልሙ ይሰማዋል።

ፋናዬ የጎማ መፍቻውን ጣለች። መኪና ማንሻውን ክሪክ አንስታ በሆዷ ተስባ ገባች፤ ሥሩ አስገባችውና ብረቱን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች ታደርገው ጀመር። ከገበያ ሮጦ የመጣው ሕዝብ ያየው እንግዲህ ይህንን ነው፤ ደም በደም የሆነ ይልማ መሬት ላይ ተዘርሮ ይጮኻል፤ ፋናዬ ከላዩ ላይ ሆና ብረት ታነሳለች ትጥላለች። ክሪክ ሥራ ላይ አይቶ የማያውቅ ሰው ሌላ ምን ይበል? የአውቶቡሱ ቂጥ አንድ ስንዝር ሲነሳ ክንዱን ይዛ ጎተተችው። አጥንቱ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። በነጠላዋ ጠቀለለችው።

ጫኝና አውራጆቹ ደግሞ የጭነት መኪናውን ሾፌር ይዘው በጡጫ ያዳርሱት ነበር። ጋሽ ሷሊሕ ላዩ ላይ ወደቁበት። «ፍሬን ነው ገዳዩ እንጂ እሱ አይደለም፣ ያ ረቢ!» እያሉ ለሾፌሩ የታሰበውን ካልቾ ግማሹን እሳቸው በሉት። እስካሁን ሲቀመጡ አንድ ወገን ይመርጣሉ።

ትራፊክ ፖሊሱ ደብተሩን ይዞ ደረሰ። የተጨራመተውን ጎን አየ። ሁለቱን ጎማ አየ። ድንጋዩን አየ። ግማሹ የተፋቀውን ቁጥር አየ።

«የተገጨው ምንድነው?» አለ። «መኪና ነው ቤት?»

መኪና ብሎ ከጻፈ ነዋሪነቱ ቀረ፤ ፋናዬም ዕድሜ ልኳን መንገደኛ ናት። በዚህ መሐል ከመሬት፣ ከነጠላው ውስጥ፣ የይልማ ድምፅ መጣ።

«ቤት ነው!» አለ። «ቁጥር 412/ለ! ነዋሪዋም እሷ ናት! ቤት ባይሆን እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ምን ልሠራ እዚህ እገኛለሁ?»

ልጁ ሞኝ አይደለም። ቤት ከሆነ በሥራ ገበታው ላይ ነው የተጎዳው፤ ሕክምናው በመሥሪያ ቤቱ ነው። መኪና ከሆነ ግን የሰው ንብረት በመሮ ሲፈለፍል የተያዘ ጎረምሳ ነው። ትራፊኩ «የመኖሪያ ቤት» ብሎ ጻፈ። የጭነት መኪናው ኢንሹራንስም ለተጎዳ ቤት ማሳደሻ ከፈለ። ጋሽ ሷሊሕ ጎኑን ቀጥቅጠው አቀኑት፤ ስድስቱንም ጎማ አስገቡት። ቤቱ ቆሞ እንደሆነ ለማየት ከቀበሌ የመጣ የለም፤ የሚያየው ሰው ክንዱ በጄሶ ነው። መታወቂያውም ወጣ፤ ሰኔ 28 ማህሌት ፈረመች።

ባለፈው እሑድ ከሰንበቴ ስትመለስ ካፌያችን በር ላይ አቆመችው። በሩ ላይ ቀዩ ቁጥር ታድሶ ተጽፏል። ወረደች፤ ወሬውን አሥራ አንድ ያደረሰው ዘላለም አላስችለው አለ።

«እትዬ ፋናዬ፣ ኑ ይቀመጡ! ክርክር ይዘን ነው። አሥራ አንድ ነው አሥራ ሁለት?»

«ምኑ?»

«ጥርሱ!»

አልተቀመጠችም። ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን።

«ይልማን አልመታሁትም» አለች። «አንድም ጥርሱ አልወለቀም። ክንዱን የሰበረው የወደቀበት አውቶቡስ ነው። በደም ያስፈረምኩት የለም፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ በግራ እጁ ነው የፈረመው። በጉልበትም አልወሰድኩት። ሊቀመንበሩ ከስብሰባ እስኪመለሱ ሁለት ሳምንት ተሰልፌ ነው ያወጣሁት፤ ሰልፍ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ያወራችሁት ሁሉ ውሸት ነው። አንዱም፣ አንዱም እውነት የለበትም።»