ሽማግሌ ሆኜ ዝንብ የፈራሁበት ደጅ

ለልጃችሁ ሽማግሌ የምትልኩ፣ በደጃችሁም ሽማግሌ የምታቆሙ ወላጆች ሆይ፤ ይህችን ቃል የምጽፍላችሁ በዕድሜ ስለምበልጣችሁ አይደለም። ባለፈው እሑድ ጌዶ አጠገብ በአንድ ሰው ደጅ ቆሜ ያገኘኝ ነገር ነገ እናንተንም ያገኛችኋል ብዬ ስለ ሰጋሁ ነው።

የእኅቴ ልጅ ከእጃጂ ወዲያ፣ ገደል ሥር ባለ ትምህርት ቤት ያስተምራል። መኖሪያውም እዚያው ነው። ከወራት በፊት ጉንጩ ላይ ብጉር የመሰለች ነገር ወጣች፤ ሰፋች... አታመውም፣ አትድንለትም። እናቱ «የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው» እያለች ቅጠል ስትለጥፍበት ከረመች። በመጨረሻ እኔው ጎትቼ ሐኪም ዘንድ ወሰድሁት።

ሐኪሙ በሥርዓት አስረዳን። ሕመሙ ቁንጭር ነው። የምታመጣውም የአሸዋ ዝንብ የሚሏት፣ ከወባ ትንኝ የምታንስ፣ ስትመጣ ድምፅ የሌላት ፍጥረት ናት። ለመራባት እንደ ወባ ትንኝ የቆመ ውኃ አትሻም። ቀኑን በዓለት ስንጥቅና በዋሻ ጥላ ትውላለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች። ዓለቱ ላይ ከሚኖረው ሽኮኮ ሕመሙን ትቀበልና ለሰው ታቀብላለች። ነፋስ ካለ ግን መብረር አይሆንላትም። ሕመሙ በመነካካት አይተላለፍም፣ በዘርም አይወርድም። ለልጁ መርፌ ተጀመረለት።

እኅቴ ግን ከቁስሉ ይልቅ ወሬውን ፈራች። ለልጇ ሚስት ልትጠይቅለት ነው፤ በአገራችን ደግሞ ከጋብቻ በፊት «በዘራቸው ቁምጥና አለ ወይ?» ተብሎ እንደሚጣራ ታውቃለች።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ካልጠየቁህ አታንሣው!» አለችኝ።

«ከጠየቁኝስ?»

«አንተን ማን ደፍሮ ይጠይቅሃል?»

ሦስተኛው ሽማግሌ ታሞ ስለ ቀረ፣ ከጎረቤቴ ከባለሱቁ ሐጂ ከድር ጋር ሁለት ሆነን ሄድን። ከልጅቱ አባት ከኦቦ ለሜሳ ቤት ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። «አካም ጅርቱ፣ የኔታ» ብለው ተቀበሉን፤ ወንበርም አስወጡልን። እንደ ሥርዓቱ እምቢ አልን። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ውኃም አይቀምስም።

የመጣንበትን ስንነግራቸው «እንግዲያው ቤተሰቡን ላማክር» ብለው ገቡ።

ቀና ብዬ ሳይ ከደጃቸው ጎን ትልቅ ዓለት ቆሟል... ከላይ እስከ ታች የተሰነጣጠቀ። ጫፉ ላይ ሽኮኮዎች ተደርድረው የቀረችውን ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዱ ትክ ብሎ ያየኛል።

ሐኪሙ የነገረኝ ሰዓት ይኸው፣ ስንጥቁ ይኸው፣ ሽኮኮውም ይኸው። አምላኬ ነፋስ እንዲያመጣልኝ ለመንሁት፤ ቅጠል አልተነቃነቀም። ቤት እንዳልገባ ሥርዓት፣ እንዳልሸሽ የእኅቴ ልጅ ዕጣ ያዘኝ። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብሁ። አንገቴን በላኝ፤ በጥፊ መታሁት። ቀጥሎ ጆሮዬን... ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቴን።

«የኔታ፣ ሰይጣን ነው የሚመቱት?» አሉ ሐጂ ከድር።

«ዝንብ ነው።»

«የታለች?»

«አትታይም፣ አትሰማም።»

«ታዲያ ሰይጣን ነዋ!» ብለው ሳቁ። ሐኪሙ ያለውን በጆሯቸው ስነግራቸው ግን ሳቁ ጠፋ። ሳያስተውሉት ሻሻቸውን ፈትተው ፊታቸውን ጠቀለሉ።

በዚህ መካከል ኦቦ ለሜሳ ወጡ። ለጋብቻ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ተሸፋፍነው በየፊናቸው ራሳቸውን ሲጠፈጥፉ አገኙ።

«የኔታ... ደጄ ምን አደረገዎት?»

እነሆ፣ ማንም አይጠይቅህም የተባልሁት ሰው ተጠየቅሁ። «ብርድ ነው» የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበር። በእርስዋ ጋብቻው ይድናል። ነገር ግን ሽበት እስካወጣሁ ድረስ ሐሰት ያልለመደ አፍ፣ በሰው ልጅ ትዳር ላይ አይጀምርም።

ሁሉን ነገርኋቸው። የልጁን ጉንጭ፣ ዝንቧን፣ መርፌውን፣ ቁምጥና አለመሆኑንም።

«በቃ፣ አበላሹት» አሉ ሐጂ ከድር በሻሻቸው ውስጥ።

ኦቦ ለሜሳ አልተቆጡም። ዓለቱን አዩ፤ ሽኮኮዎቹን አዩ... ከዚያ ዘወር ብለው የገዛ ቤታቸውን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«በዘር አይወርድም ነው ያሉት?»

«አይወርድም።»

«ይድናል?»

«ይዘገያል እንጂ ይድናል። አፍንጫና ከንፈር ላይ ከወጣ ግን ሳይስፋፋ መድረስ ያሻል ብሎናል።»

ወደ ጆሮዬ ቀረቡና እንዲህ አሉኝ፦

«የኔታ፣ እኛም ታናሺቱን ልጄን ጓዳ ደብቀናታል... አፍንጫዋን አይታችሁ ‹ዘራቸው ቁምጥና አለበት› ብላችሁ እንዳትመለሱ ብለን። ግቡ፣ ግቡና እዩልን።»