ለመቀነቴ የምትሆን ሽጉጥ

ሞጣ ማስተማር በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ የባለርስት ልጅ ሊያገባኝ ፈልጎ ክረምቱን ወደማሳልፍበት ወደ ወላጆቼ ቤት ቢቸና ሽማግሌ ላከ። ሰውዬውን የማውቀው በዓይን ብቻ ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ አጥሩ ሥር በቅሎውን አቁሞ ሲያየኝ ሁለት ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድ ቃል ግን ተነጋግረን አናውቅም።

አባቴ የአጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው፣ "ልጄን ጠየቅኋት፤ አልፈልግም ብላለች" ብለው መለሷቸው። እንዲህ ያለ መልስ አልተለመደም፤ እምቢታ ቢኖር እንኳ የአባት እንጂ የልጅ አልነበረም። ሲወጡ አንደኛው ሽማግሌ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ "እንግዲህ ልጁ እልኸኛ ነው" አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ቤቱ ውስጥ ያልገባው ሰው አልነበረም። ይጠልፋታል ማለታቸው ነው።

እናቴ ሥራውን ትቼ እቤት እንድቀመጥ እያለቀሱ ለመኑኝ። አባቴ ሽማግሌዎቹ በሄዱ በአራተኛው ቀን፣ ትምህርት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው፣ ጓሮ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"እኔ በሕግ እፈርዳለሁ" አሉኝ። "ሕጉ ግን የሚደርስልሽ ከተጠለፍሽ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ እኔው ራሴ፣ 'አንዴ ሆኗል፣ ታረቁ' በል እባላለሁ። ስንቷን የሰው ልጅ እንዲህ ብዬ እንደሸኘኋት እኔ አውቃለሁ።" ይህን ሲሉ ዓይኔን አላዩም። "ሥራሽን ተዪ አልልሽም። መሣሪያ ብገዛልሽ ትይዣለሽ?"

"እይዛለሁ" አልኋቸው።

በአገራችን ወንድ ጠመንጃውን አንግቶ ገበያ ይወጣል። ሴት አስተማሪ ግን ጠመንጃ አንግታ ክፍል አትገባም። የሚያስፈልገኝ ተማሪ የማያየው፣ ጎረቤት የማይጠረጥረው ነገር ነበር።

መንገዱን ክረምት ስላበላሸው መኪና አልነበረም። በበቅሎ ሁለት ቀን ተጉዘን ሞጣ ገባንና አባቴ ቀጥታ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ወሰዱኝ። ነጋዴው ቤተሰባቸው ሞጣ ከሰፈረ ብዙ ትውልድ ያለፈው ሙስሊም ናቸው፤ ከአባቴ ጋር የቆየ ወዳጅነት ነበራቸው። ፊት ለፊት አቡጀዲና ነጠላ ይሸጣሉ። ጓዳ ደግሞ ለሚያምኑት ሰው ሽጉጥ ያወጣሉ።

ሦስት ሽጉጦች አምጥተው በታጠፈ አቡጀዲ ላይ ደረደሩ።

"ለማን ነው ዳኛው?" አሉ።

"ለልጄ።"

ነጋዴው ቀና ብለው አዩኝና ሚስታቸውን ተጣሩ። ሴትዮዋ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲናገሩ ሰው ዓይን ውስጥ የሚያዩ ነበሩ። ባላቸው ታመው በተኙበት ዘመን ዕቃ አስጭነው ዓባይ በረሃ እየወረዱ ሁለት ዓመት የነገዱት እሳቸው መሆናቸውን በኋላ ሰማሁ። ነገሩን ከአባቴ ካዳመጡ በኋላ፣ "በሉ፣ ወንዶቹ ሱቅ ሂዱልን" አሉ።

አባቴ ከመውጣታቸው በፊት ትልቁን አነሡ። "ይቺ ናት። ይቺን የተመታ አይነሣም።"

"የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት?" አሏቸው ሴትዮዋ። አባቴ መልሰው አስቀመጡትና ወጡ።

ሁለታችን ስንቀር ሴትዮዋ ትልቁን ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ ካዩ በኋላ ቀሚሴ ላይ ከታጠቅሁት መቀነት ውስጥ አስገቡልኝ። "ቁጭ በይ" አሉኝ፤ ተቀመጥሁ። እጀታው ጎድኔን ወጋኝ። "ተነሺ" አሉ፤ ስነሣ መቀነቱ በክብደቱ ወደ ታች ወረደ። "ሰሌዳ ላይ እንደምትጽፊ እጅሽን አንሺ።" ሳነሣ ነጠላዬ ሥር እንደ እብጠት ጎልቶ ወጣ።

ሁለተኛው ስድስት ጎራሽ ነበር። አጠር ያለ ስለሆነ ደስ አለኝ። ግን የጥይቱ ማጉረሻ ክብ ስለሆነ ሆዴ ላይ ይንከባለላል፤ ለመምዘዝ ስሞክር ደግሞ መዶሻው የነጠላዬን ጥለት ይዞ ቀረ። ሴትዮዋ ጥለቱን ቀስ ብለው እያላቀቁ፣ "ይህ እስኪላቀቅ ድረስ አራት ሰው ይዞሻል" አሉኝ።

ሦስተኛው ጠፍጣፋ ነበር፣ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም። መቀነቴ ውስጥ ሲገባ ከጨርቁ እጥፋት አንዱ መሰለ። ተቀመጥሁ፣ ጎንበስ አልሁ፣ ከግቢው እንስራ አንሥቼ ተመለስሁ። ነጠላዬን በግራ እጄ ገለጥ አድርጌ በቀኜ ሳብሁት፤ ወጣ።

"አቅሙ ግን ትንሽ ነው" አሉኝ። "ከአራት እርምጃ ወዲያ አትመኚው። ተኩሰሽ የምትጥዪበት አይደለም፣ እጅ ከላይሽ የምታስለቅቂበት ነው። ምረጪ።"

"እርስዎ የቱን ይዘው ነበር?"

"ትልቁን" ብለው ሳቁ። "ከብዶኝ ጭነት ውስጥ አስቀምጬው ነበር የምሄድ። አላህ ጠበቀኝ እንጂ ከእሱ ያገኘሁት ጥቅም የለም።"

ትንሹን መረጥሁ። የፈቃዱ ወረቀት በአባቴ ስም ወጣ። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ገደል ወስደው በቁልቋል ቅጠል ላይ አስተኮሱኝ፤ ከስድስት አንዱን መታሁ። "ይበቃል" አሉ፣ እንዳልበቃ ሁለታችንም እያወቅን።

ሁለት ወር ያህል ሆዴ ላይ ይዤው አስተማርሁ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚያየው ይመስለኝ ነበር። በኋላ ክፍል ውስጥ ከመርሳቴ የተነሣ ጎንበስ ስል ሲጫነኝ እደነግጥ ጀመር።

ኅዳር ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ወደ ተከራየሁበት ቤት ስወርድ ባሕር ዛፉ ሥር ሦስት ሰዎች ቆመው አየሁ። አንዱ የተጫነች በቅሎ ይዟል። የባለርስቱን ልጅ ለየሁት። ወደ ኋላ ብሮጥ እንደሚደርሱብኝ አወቅሁ። እነሱ ሳይጠጉ ሽጉጡን አውጥቼ አቀባበልሁ።

ሰውዬው አይቶ ሳቀ። "ይቺ ምንድን ናት? የሽቶ ዕቃ ናት?" እያለ ቀረበኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። ክንዴን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ተኮስሁ።

ጥይቱ እግሩ አጠገብ አፈሩን በተነው። ያነጣጠርሁት መሬቱን ነበር ብል ደስ ይለኛል፤ እውነቱን ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም። በቅሎይቱ በርግጋ ልጓሟን የያዘውን ሰው እየጎተተች ቁልቁል ወረደች፤ ሁለተኛው እሱን ላድን ብሎ ተከተለ። የባለርስቱ ልጅ ብቻውን ቀረ። ፊቱ አመድ መስሏል። ያን ጊዜ ሳየው በእኔ ዕድሜ ያለ ጎረምሳ ነበር።

"ሂድ" አልሁት። ሄደ።

እሱ ከዓይኔ ሲሰወር እመንገዱ ላይ ተቀመጥሁ። ተኩሱን ሰምተው ከአውድማ የሮጡ ሰዎች ያገኙኝ እንደዚያ ሆኜ ነው።

አባቴ ከቢቸና መጡ። ለእርቅ በተቀመጠው ሸንጎ የልጁ ወገኖች ዳግመኛ እንዳይደርስብኝ ዋስ ጠሩ። ካሣ እንሰጣለን ሲሉ አባቴ፣ "ልጄ ጤነኛ ናት፤ ካሣ አያስፈልጋትም" አሉ። እንዲያ ኮርተው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሽጉጡን ሞጣ እስካለሁ ድረስ ያዝሁት፤ ሁለተኛ ግን አልተኮስሁበትም።

ከጥር ዕረፍት በኋላ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ዘጠኝ ዓመት የሚሆናትን ልጅ እጇን ይዘው ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። ሊጠልፈኝ የመጣው ሰውዬ እናት ነበሩ። ምን ሊሉ ነው ብዬ ደነገጥሁ።

"መምህር" አሉኝ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው። "እኔ ባሌ ቤት የገባሁት ተጠልፌ ነው፤ ከዚህች ያንስ ነበር ዕድሜዬ። ልጄ ያደረገውን ስሰማ አፈርሁ። አንቺ ያደረግሽውን ስሰማ ግን... እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ ገና ያን ጊዜ ልጅ ሆኜ የዋጥሁት ጩኸት ከሆዴ የወጣ መሰለኝ። ይቺን አስተምሪልኝ።"

"ወንድሟ ፈቀደ?" አልኋቸው።

"አልጠየቅሁትም" አሉ።

ልጅቷን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኋት። በክፍሉ ሦስተኛዋ ሴት ነበረች። እርሳስ ስትይዝ ምላሷን ወጣ ታደርጋለች፤ ፊደሏን ግን ከሁሉም ቀድማ ጨረሰች። በሚቀጥለው መስከረም ከሰፈሯ ሁለት ሴት ልጆች አስከትላ መጣች።

ዓመቱ ሲዘጋ ወላጆች ፊት እንድታነብ መረጥኋት። እናቷ ቀድመው መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። ልጅቷ መጽሐፏን ገልጣ ጉሮሮዋን ስትጠርግ፣ ገና አንድ ቃል ሳይወጣት እናትየው እልልታቸውን አቀለጡት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ጸጥ እስኪሉ ጠብቃ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።